የያዡ ሲሶ፦ ወደ ጉምሩክና ወደ ሕግ ሙያ ለምትገቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣

በጉምሩክ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ኬላ ላይ የአንድ ሹፌር ጭነት ያዝኩ። ዕቃው ቀረጥ የተከፈለበት ነበር፤ የጎደለው የማለፊያ ወረቀት ብቻ ነው። «ከኋላዬ በሚመጣው መኪና ነው፤ ነገ ጠዋት ይደርሳል» አለኝ። አልጠበቅኩትም። በዚያን ጊዜ ብዙ የያዘ ሰው ስሙ በአለቆች ፊት ይነሳ ነበር፤ እኔም ስሜ እንዲነሳ ፈለግሁ። ወረቀቱ በማግስቱ ሲደርስ ጉዳዩ ከእጄ ወጥቷል፤ ዕቃው ተወረሰ። ሹፌሩ «አንተ ትይዛለህ፣ የእናንተው ሰው ይፈርዳል፤ እኔ የት ሄጄ ልጩህ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እንግሊዝ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ላይ ያወጣቻቸውን የባሕር ንግድ ሕጎች ሳነብ የሹፌሩን ጥያቄ እዚያ አገኘሁት። በ1660 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ስኳር፣ ትምባሆና ጥጥን የመሰሉ የቅኝ ግዛት ምርቶች ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ራሷ ግዛቶች ብቻ እንዲሄዱ፣ የመርከቡ አዛዥና ከአራት ሦስት እጁ መርከበኛም እንግሊዛዊ እንዲሆን አዘዘ። ይህን የጣሰ መርከቡን ከነጭነቱ ያጣል። የተወረሰው ለሦስት ይከፈላል፦ ሲሶው ለንጉሡ፣ ሲሶው ለቅኝ ግዛቱ ገዥ፣ ሲሶው ለያዘውና ለከሰሰው።

ሲሶ ማለት በእኛ አገር ምን እንደሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እዚያ ግን ለሹሙ መብሉን ያቀረበለት ሕጉ ራሱ ነው። ገዥው መርከብ ሲወረስ ይጠቀማል፣ ያዡም ይጠቀማል። ከእነዚህ ውስጥ «ይህ መርከብ ጥፋት የለበትም» ለማለት የሚቸኩል ማን ነው?

በ1733 በውጭ አገር ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፍ ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ላይ በጋሎን 6 ፔንስ (የእንግሊዝ ሳንቲም) ቀረጥ ተጣለ። በወንጂ ዙሪያ ያደጋችሁ ሞላሰስን ታውቁታላችሁ፤ ከቅኝ ግዛቶቹ መካከል በማሳቹሴትስና በሮድ አይላንድ ሮም የተባለው መጠጥ የሚወጣው ከእሱ ነበር፣ ርካሹም የሚመጣው ከፈረንሳይ የካሪቢያን ደሴቶች ነበር። ቀረጡ ተከፍሎ ንግዱ አያዋጣም። ስለዚህ ነጋዴው ለቀራጩ ጥቂት እያቀመሰ ያልፋል፤ ቀራጩም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ ተኖረ። የማይከፈል ቀረጥ ነጋዴውንም ሹሙንም አብሮ እንደሚያበላሽ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ።

በ1764 ቀረጡ ወደ 3 ፔንስ ወረደ። ይህ በራሱ ብልህ ውሳኔ ነበር። ከእሱ ጋር የመጣው ነው የከፋው። ክሱ ከአካባቢው ሰዎች በተውጣጣ የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) ፊት ሳይሆን፣ አንድ ዳኛ ብቻውን በሚያስችልበት የባሕር ፍርድ ቤት እንዲታይ ተፈቀደ፤ አንደኛው ችሎት ዛሬ ካናዳ ውስጥ ባለችው ሃሊፋክስ ላይ ነበር፣ ከማሳቹሴትሷ ወደብ ከቦስተን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። ንጹሕነቱን የማስረዳት ሸክም በባለ ዕቃው ላይ ወደቀ። ባለ ዕቃው ቢረታ እንኳ፣ ዳኛው «ያዡ በቂ ምክንያት ነበረው» ብሎ ከጻፈለት ያዡ ኪሣራ አይጠየቅም።

በደቡብ ካሮላይና ቅኝ ግዛት የቻርለስተን ነጋዴ የነበረውን የሄንሪ ሎረንስን ጉዳይ ተመልከቱ። በ1767 ሁለት ትናንሽ መርከቦቹ በወረቀት ጉድለት ተያዙ፤ አንዷ ተወረሰች፣ ሌላዋ ተለቀቀች። የባሕር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ኤገርተን ሊ በዚያው ጊዜ የቅኝ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሰኔ ወር ቦስተን ላይ «ሊበርቲ» የተባለችው የነጋዴው የጆን ሃንኮክ መርከብ ስትያዝ ሕዝቡ ተነሣ፤ የጉምሩክ ኮሚሽነሮቹ ሸሽተው ወደብ ላይ ካለው ምሽግ ገቡ። መርከቧ ተወርሳ ሌሎች መርከቦችን ማሳደጃ ተደረገች፤ በ1769 በሮድ አይላንድ ወደብ በኒውፖርት ሰዎች አቃጠሏት። በ1776 ቅኝ ግዛቶቹ ከእንግሊዝ መለየታቸውን ያወጁበት የነጻነት መግለጫ በንጉሡ ላይ ከዘረዘራቸው በደሎች አንዱ ያ የዳኝነት ጉባኤ መነፈጉ ነበር።

ነገር ግን ኮንትሮባንዲስቱን ጀግና አታድርጉት። ይህን የምለው ወጣት ሰው ሕግ ሲበድል ባየ ጊዜ የተበደለውን ሁሉ ጻድቅ ስለሚያደርግ ነው። ሎረንስ ሀብቱን ያካበተው በዋናነት ሰው በመሸጥ ነው። ያ ሞላሰስ በባሪያ ጉልበት የተመረተ ነው፤ የሮድ አይላንድም ሮም በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሰው ይገዛበት ነበር። እያንዳንዷን ጋሎን የሚቆጥረው ሕግ ሰው የጫነውን መርከብ ሕጋዊ ነጋዴ ብሎ ያሳልፈው ነበር፤ እንግሊዝ ያን ንግድ የከለከለችው በ1807 ነው። ይህ ሲገባኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ሕገ ወጥ» የሚለውን ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ በማኅተም ስመታው፣ ጭነቱ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ልለምናችሁ። አዲስ መመሪያ ሲደርሳችሁ ቅጣቱን ከማንበባችሁ በፊት ከውርሱ ማን እንደሚጠቀም ፈልጉ። ዕቃ ስትይዙ ምክንያቱን በግልጽ አማርኛ ደረሰኙ ላይ ጻፉ፤ ሰውየው አቤቱታ የሚያቀርብበትን ቦታና ቀን በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ስጡት። የያዛችሁትን ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲመረምረው አድርጉ፣ ቅር ቢላችሁም። ከሁሉ በላይ ሰውየው «ወረቀቱ እየመጣ ነው» ሲላችሁ ጠብቁት። እኔን ያ ሹፌር የለመነኝ አንድ ሌሊት ነበር።