ቫዝሊን የተቀባው ካርድ ምን ይዞ፣ ምን አመለጠው?

ጥያቄ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ተማሪዎች ነጭ ካርድ ላይ ቫዝሊን ቀብተው አንዱን መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር፣ ሌላውን ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አጠገብ ሰቀሉ። ከሳምንት በኋላ ይበልጥ ጠቁሮ የተገኘው የሜዳው ነው። ልጆቹ «የመንገዱ አየር ይሻላል ማለት ነው?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?
የሳይንስ መምህር

መልስ፦ «አይደለም» ይበሏቸው፤ ካርዱም ግን አልዋሸም። ቫዝሊን የሚይዘው በአብዛኛው ትልልቁን ብናኝ ነው፤ አፈር፣ አመድ፣ ከጎማ የተፋቀ ብናኝ። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውና ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ ነው። ከአየሩ ጋር እየተንሳፈፈ ካርዱን አልፎት ይሄዳል። ሜዳው ላይ የጨዋታ አቧራ ሲነሣ ካርዱ ቢጠቁር አይገርምም።

ሌላም ጥርጣሬ አለን፦ ባዶ ወረቀት ቫዝሊን ሲመጥ ራሱ ይጠይማል። ስለዚህ ቫዝሊኑ ከመቀባቱ በፊት ካርዱን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ይሸፍኑት። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ አስምረው ጎናቸው 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ 25 ካሬ ያውጡ። ቅባቱ ስስ ይሁን፤ ከወፈረ ብናኙ ይሰጥምበታል፣ ፀሐይ ሲመታውም ቀልጦ ይወርዳል። በየቦታው ሦስት ሦስት ካርድ፣ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይስቀሉ። አንድ ካርድ ደግሞ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ እሱ ላይ የተገኘው የብናኝ ቁጥር ከሌሎቹ ይቀነሳል። 3 ቀን ይበቃል። ዝናብ ካገኘው ይጣል።

ሲቆጠር አምስት ካሬ በዕጣ ይውጣ፤ ሁለት ልጆች፣ ካርዱ ከየት እንደመጣ ሳይነገራቸው፣ በአጉሊ መነጽር ይቁጠሩ። የሚበዛው ስሕተት እዚህ ነው፦ የመንገዱ ካርድ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ሳያስበው አብዝቶ ይቆጥራል።

ደቃቁን ማየት ከፈለጉ በሌዘር የሚሠራ አነስተኛ ሴንሰር ያስፈልጋል። ሁለት ካላችሁ ለአንድ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነታቸውን መዝግቡ። ከዚያ በመንገዱ ጠርዝ፣ 20 ሜትርና 100 ሜትር ርቀት ላይ ለ10 ደቂቃ ይለካ፤ የመጀመሪያው ደቂቃ አይቆጠር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለፒኤም 2.5 ያወጣው ወሰን፣ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ፣ የ24 ሰዓት አማካይ ነው፤ የ10 ደቂቃ ንባብ ከሱ ጋር አይነጻጸርም። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ይዞ ስለሚያብጥ ሴንሰሩ ያጋንናል። በጭጋግ ጠዋት የተወሰደውን ቁጥር ግን አትሰርዙት፤ አጠገቡ «ጭጋግ ነበር» ብላችሁ ጻፉበት።