«ብርድ ነው» የተባለው የጎን ሕመም

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው የወንድሜ ሚስት ከኩታበር ገበያ ከተመለሰች ወዲህ ቀኝ ጎኗን ከጎድኗ በታች ይወጋታል፤ ሌሊት ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ያንቀጠቅጣትና መልሶ ያልባታል፤ ሽንቷንም ያቃጥላታል። እናታችን «ኩላሊቷን ብርድ መትቷት ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፤ ጎረቤታችንም የተረፋትን አሞክሳሲሊን ሰጥታታለች። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ዙሪያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብን «ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ይውሰዷት» ብለን ደውለንልዎታል፤ ምክንያቱን እዚህ የምንጽፈው ይኸው ስሕተት በብዙ ቤት ስለሚደገም ነው።

ብርድ ኩላሊትን አያመረቅዝም። የነገሩን ምልክት የሚያመለክተው የኩላሊት መመረቅዝን (ኢንፌክሽን) ነው፤ ይህን ሕመም በአብዛኛው የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ሲሆን፣ በሽንት መውጫ ገብቶ ወደ ፊኛ፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ይወጣል። በእርግዝና ጊዜ ማሕፀኑ ሽንት ከኩላሊት የሚወርድበትን ቱቦ ስለሚጫነውና ሆርሞንም ቱቦውን ስለሚያላላው ሽንቱ ይታቆራል፤ ይህ ይበልጥ የሚታየው በቀኝ በኩል ስለሆነ የእርሷም ሕመም በዚያው ጎን መሆኑ አያስገርምም። ተራ የወገብ ሕመም ጎንበስ ቀና ሲሉ ይብሳል እንጂ ትኩሳትና እንዲህ ያለ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት አያመጣም።

እናትዎ ያደረጉት ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን፤ የሚያሳስበን የሚያልፈው ሰዓት ነው። ባክቴሪያው ወደ ደም ከገባ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ታማሚዋም ትቃዣለች፤ ምጥም ያለጊዜው ሊመጣ ይችላል። በአረጋውያን ዘንድ ደግሞ ትኩሳት ሳይኖር መቃዠት ብቻውን ሊታይ ስለሚችል እነርሱንም ልብ ይሏል።

ነፍሰ ጡር በዚህ ሕመም ስትያዝ ተኝታ መታከም ይገባታል። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሽንቷ ለካልቸር ምርመራ (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) ይወሰዳል፤ ከዚያ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣታል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልተሻላት ጠጠር ወይም መግል መኖሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። አሞክሳሲሊንን ብዙ ኢ. ኮላይ ስለተለማመደው ሊያድናት ቀርቶ የካልቸሩን ውጤት ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ስንት ፍሬ እንደዋጠች ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ማሸጊያውንም ይያዙ። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክም ሆነ ፀረ ባክቴሪያውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጧት።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብላ ሐኪሙ በኋላ የሚያዝላትን የሚዋጥ መድኃኒት እንዳታቋርጥ፣ በጠቅላላው 14 ቀን ያህል እንደሚፈጅ ከወዲሁ ይንገሯት፤ ሕመሙ በእርግዝና ወቅት ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችልም እስክትወልድ ድረስ በየቀጠሮዋ ሽንቷን ትመርመር።