«ምች ነው» ከማለታችሁ በፊት ግፊቷን አስለኩ

ማዋለጃ ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ፕሪኤክላምፕሲያ ስለሚባለው የእርግዝና ግፊት ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከተራ ደም ግፊት በምን ይለያል?

መልስ፦ መነሻው ከእንግዴ ልጁ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይታያል። ጉበትና ኩላሊትንም ይነካል። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ቢያልፍም ይቆጠራል። 160/110 ከደረሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም አላመመኝም፤ ሁልጊዜ ሽንት ስጪ የሚሉኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስላላመመሽ እኮ ነው! ይሄ በሽታ ሲጀምር ድምፅ የለውም። የላብራቶሪ ወረፋ ረዘመ ብለሽ ሳትሰጪ እንዳትሄጂ። ስንቷን አይቻለሁ መሰለሽ።

ጥያቄ፦ እግሬ አብጧል፤ ልፍራ?

መልስ፦ እግር ብቻ ከሆነ የብዙ ነፍሰ ጡር ነው። ጠዋት ፊትሽ አብጦ ከተነሳሽ ወይም ቀለበትሽ አልወጣ ካለ ግን ተለኪ። ሳታብጥ የምትታመምም አለች።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች 5 ቀኗ ነው። ራሷን ያማታል። እናቴ ምች ነው ትላለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ይዘሃት ሂድ።

አንዲት አራስ ትዝ ትለኛለች። በ6ኛው ቀኗ ሁለት ሰው ደግፏት መጣች። ግንባሯ ላይ የተቀባችው ዳማከሴ ደርቋል፤ ጋቢዋም ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ሦስት ቀን ራሷን ሲፈልጣት ቤተሰቡ «ፀሐይ መታት» ብሎ ነበር። ብለካት 170/115። መለኪያው ተሳስቶ ነው ብዬ በሌላ ደገምኩት። ያው ነው። ይሄ ግፊት ሲብስ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፤ ደግነቱ ሳያንቀጠቅጣት ደረሰች።

ዳማከሴውን አልጠላሁም፤ መጀመሪያ ግፊቷ ይለካ። ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ከጎድኗ ስር በቀኝ በኩል ካመማትም እንዲሁ። ይቺን የመጨረሻዋን «ጨጓራ ነው» ብለው ያልፏታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንግዴ ልጁ ከወጣ በሽታው አለቀ ይሉን አልነበር?

መልስ፦ አዎ እናቴ፣ እኛ ባለሙያዎቹም እንዲያ ብለናል። ከወሊድ በኋላ መዳን ይጀምራል እንጂ በዚያው አያልቅም። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ጣሪያ የሚነካው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ነው። ያኔ አራሷ ቤቷ ናት፤ ጠያቂውም የሚያየው ሕፃኑን ነው። እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። በእርግዝናዋ ደህና የነበረችውንም ይይዛል።

ጥያቄ፦ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ መለኪያ ሰጥተውኛል። እንዴት ልለካ?

መልስ፦ 5 ደቂቃ አርፈሽ ተቀመጪ። ጀርባሽ ይደገፍ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። ክንድሽን በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። በሹራብ ላይ አይለካም። ቡና ከጠጣሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፤ የአራስ ቤት ቡና እንደማያልቅ አውቃለሁ፣ በመሃል ሰዓት ፈልጊለት። ቁጥሩን ጻፊው።

ጥያቄ፦ ባለፈው እርግዝናዬ ነበረብኝ። አሁን ሁለተኛ ልወልድ አስቤያለሁ።

መልስ፦ እንዳረገዝሽ ቶሎ ሂጂና ታሪክሽን ንገሪያቸው። እንዳንቺ ላለችው ሐኪም በትንሽ መጠን አስፒሪን ያዝላል። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ከ16ኛው በፊት ቢጀመር ይመረጣል። በራስሽ ግን እንዳትጀምሪው። መንታ ያረገዘች፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ያለባትም ቀድማ ትናገር።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ቢያንቀጠቅጣትስ? ክብሪት እናሽትት?

መልስ፦ ክብሪቱን ተዉት። በግራ ጎኗ አስተኟት፤ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አትክተቱ። የሚያስፈልጋት ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ ነው፤ እሱ ያለው ጤና ተቋም ነው። አምቡላንስ ስትጠሩ «የሚጥል በሽታ ነው» አትበሉ። «አራስ ናት» ወይም «ነፍሰ ጡር ናት» በሉ።