መልስ፦ ኳስ የሚችሉ ልጆች ይዘን ለምን ዋንጫ አናነሳም?

አቦ፣ ጥያቄህ የድሬ ሰፈር ሁሉ ጥያቄ ነው። «ስድስት ኳስ የሚችሉ ልጆች አሉን፣ አሰልጣኝ ምን ይጨምርልናል?» ብለሃል። እኔም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስጫወት እንደዛ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ግን አሰልጣኛችን ኳሷን ብብቱ ስር ይዞ ሜዳ ላይ ደረደረን። «ኳሷ እዚህ ናት» ሲል ሁላችንም በአንዴ ወደዚያ እንጠጋለን፤ «እዚያ ሄደች» ሲል እንዞራለን። ያለ ኳስ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት! አብዶ የሚሠራው ጓደኛችን ተናዶ ጫማውን አውልቆ ሄደ። (በማግስቱ መጣ።)

በኋላ ስሰማ ዘዴው የጣሊያኑን ክለብ ሚላንን ያሰለጠነው የአሪጎ ሳኪ ኖሯል። ሚላን እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሳ እንደ ፋን ባስተንና ጉሊት ያሉ ኮከቦች ነበሩት። ሳኪ እነሱንም ያለ ኳስ ያሠራቸው ነበር። ዋናው ነገር ተከላካዩና አጥቂው እንዳይራራቁ ነው። የሊቨርፑል አሰልጣኝ የነበረው ክሎፕ ደግሞ ለእጅ ውርወራ ብቻ አሰልጣኝ አስመጣ፤ ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2019 ሻምፒዮንስ ሊጉን፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊጉን በላ።

ስለዚህ ሰባተኛ ባለ አብዶ አትፈልጉ። አመሻሽ ላይ ስትለማመዱ፣ ኳስ ሲነጠቅ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ እዩ። ችግራችሁ እዚያ ጋ ይመስለኛል።