ካልደሬታ የማን ወጥ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባለቤቴ ዱባይ ስትሠራ ከፊሊፒንስ ባልደረቦቿ የተማረችውን የፍየል ወጥ «ካልደሬታ» ትለዋለች። ጎረቤታችን ግን ስሙም ምግቡም የስፔን ነው ብለው ይሟገቱናል። እውነቱ ከማን ጋር ነው? ሥጋውስ ዱባይ ከሚወስደው ጊዜ በላይ እሳት ላይ የሚቆየው ለምንድን ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ በስሙ ጎረቤትዎ ረትተዋል። «ካልዴራ» በስፓኒሽ ትልቅ የብረት ድስት ነው፤ ካልደሬታ ሲባል ደግሞ «ትንሿ ድስት» እንደማለት። ወጡ የተጠራው በሚበስልበት ዕቃ ነው። የጂኦሎጂ ሰዎችም እሳተ ገሞራ ሲደረመስ የሚፈጠረውን ሰፊ ጎድጓዳ በዚያው ድስት ስም ካልዴራ ይሉታል፤ በእናንተው መንገድ ወሊሶ አልፎ የሚደረስበት የወንጪ ሐይቅ የተኛው እንዲህ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው።

በምግቡ ግን ባለቤትዎን አላስነካም። ስፔን ፊሊፒንስን የገዛችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1565 እስከ 1898 ነው። የስፔን እረኞች በግ ወይም ፍየል ከተወቀጠ ጉበት ጋር ይሠራሉ። ፊሊፒኖች ይህንን ተቀብለው ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮትና የፈረንጅ ቃሪያ እየጨመሩ የድግስ ምግባቸው አደረጉት። ለዘመናት በገዛ እጁ ሲሠራው የኖረ ሕዝብ ባለቤት ካልተባለ፣ የእኛም በርበሬ ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ ነውና ልንመልሰው ነው!

ስለ እሳቱ፦ ዱባይ ባሕር ዳር ስለሆነች ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሰበታ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ቢያነዱት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ባለቤትዎ ሥጋውን በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት አሽተው ያሳድሩት፤ ከዚያ ድስቱን ከድነው በዝግታ ያብስሉት።

ጉበቱን ሁሉ ለዱለት አትጨርሱት። ጥቂቱን ጠብሳችሁ ሙቀጫ ውስጥ ልም እስኪል ውቀጡና ሥጋው ከበሰለ በኋላ ብቻ ጨምሩት። መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ከድስቱ ሥር ይይዝና ወጡን በሙሉ ያሳርራል። ፊሊፒኖች ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ የታሸገውን ይጠቀማሉ፤ ትኩሱ እያለ ምን አደከማችሁ? አይብ የሚጨምሩም አሉ፤ እኔ ፍየል ላይ አይብ አላስጠጋም። እነሱ በሩዝ ነው የሚበሉት። በእንጀራ ከሆነ መረቁን ትንሽ ወፈር አድርጉት።