የእናቴ ብሶት እንቅልፍ ነሳኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ለወላጆቼ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እናቴ ከደጀን ማታ ማታ እየደወለች አባቴን ትከስልኛለች። ጤፉን ሳያማክራት ሸጠው፣ አረቄ ቤት አመሸ። «አንቺን ይሰማል፣ ንገሪልኝ» ትለኛለች። ስልኩን ስዘጋ ደረቴን ያፍነኛል፤ ልጄ ላይ እጮሃለሁ። ካላነሳሁ ደግሞ እረገማለሁ ብዬ እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ የሆዷን የምታጫውተው ለአንቺ ስለምታምንሽ ነው። የደረትሽ መታፈንም ድክመት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የአንጎል ተመራማሪዋ ታንያ ሲንገርና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ የተጠኑት ሴቶች ፍቅረኛቸው ሕመም እንደደረሰበት ሲያውቁ፣ ራሳቸው ሲታመሙ ከሚሠሩት የአንጎላቸው ክፍሎች የተወሰኑት ሠርተዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። ዳንኤል ባትሰን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ ማሰብንና «እሷ ምን ተሰምቷት ይሆን» ብሎ ማሰብን ለይቶ አጥንቷል። ሁለቱም ያሳዝናሉ። የመጀመሪያው ግን ከሐዘኔታው ጋር የራስን ጭንቀት ይጨምራል። የተጨነቀ ሰው ደግሞ መሸሽ ያምረዋል። ስልኩን ማንሳት ያስጠላሽ እናትሽን ስለጠላሽ አይመስለኝም። ስለ ጤፉ ስትነግርሽ በሐሳብሽ እዚያው ቤት ገብተሽ ከአባትሽ ጋር ትጣያለሽ። በዚህ ፈንታ «እማዬ፣ ያኔ ምን አልሽ? አሁንስ ምን ብናደርግ ይሻልሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። ታሪኩ የእሷ ሆኖ ይቆይ።

መልእክት ማድረሱን ግን ተዪው። በእኔ እምነት ልጅ በእናትና በአባቱ መካከል ዳኛ መሆን የለበትም። «እማዬ፣ ሰምቼሻለሁ፤ አዝኛለሁም። ለአባዬ ግን እኔ አልነግርም። የነፍስ አባታችሁ ወይም ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ሽማግሌ ይነጋገሩበት» በያት። በለሰለሰ ድምፅ፣ ግን ሳትወላውዪ።

ሰዓቱንም አንቺ ምረጪው። ከመኝታ በፊት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ስታፈላ ራስሽ ደውዪላት። ልጅሽንም «የጮህኩት አንተ አጥፍተህ አይደለም» በዪው፤ ልጆች ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል።

አባትሽ እጁን የሚያነሳባት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ያኔ ሽምግልና አይቀድምም፤ እሷን ከቤቱ አውጥቶ ማሳከምና ለፖሊስ ማመልከት ነው። የአንቺም እንቅልፍ ማጣት ሳምንታት ካለፈው ሐኪም ይይሽ።

መጀመሪያ ላይ እናትሽን ሆድ ይብሳታል፤ «አንቺም ተውሽኝ» ልትል ትችላለች። አትከራከሪያት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደውዪላት።