ተርሚናሉ ሲያብድ መስኮቱን አትዝጉት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በቅርቡ ስለ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ስለምንሰጥበት መስኮት፣ አንድ ጀማሪ የሲስተም አስተዳዳሪ «ተርሚናሌ ሲበላሽ መስኮቱን ዘግቼ ሌላ እከፍታለሁ፤ ምን ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ በዚህ ልማድ የተነሳ ስንት ሥራ ሜዳ ላይ እንደሚቀር አውቃለሁና።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ማታ በርቀት ሰርቨር ላይ ሰዓታት የሚፈጅ የዳታቤዝ መልሶ ጭነት ይጀመራል። ሥራው ከጀርባ እየሄደ ሳለ ባለሙያው በዚያው መስኮት አንድ ፋይል በካት (የፋይልን ይዘት በሚያሳየው ትእዛዝ) ይከፍታል። ፋይሉ ጽሑፍ ሳይሆን የተጨመቀ ዳታ ነው። ከባይቶቹ (ፋይሉ ከተሠራባቸው ቁጥሮች) መካከል 27፣ 40 እና 48 ተከታትለው ከመጡ ተርሚናሉ «ወደ መስመር መሳያ ምልክቶች ተሻገር» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ያነባቸዋል። ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት በሙሉ መስመር፣ ማዕዘንና ሌላ ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ ትልልቆቹ ፊደላትና አኃዞች ግን ምንም አይሆኑም። ባለሙያው ይደነግጥና መስኮቱን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ፕሮግራሞችን የሚያስቆም ሲግሃፕ የሚባል ሲግናል ይላካል፣ መልሶ ጭነቱ በመሃል ይሞታል። ሰርቨሩም ዳታቤዙም ጤነኛ ነበሩ፤ የታመመው ማሳያው ብቻ ነበር። ፊደላቱን የሚመልሰው መድኃኒት አንድ መስመር ነው፦ ፕሪንትኤፍ የሚለው ትእዛዝ፣ ቀጥሎ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ባክስላሽ 033፣ ክፍት ቅንፍና ትልቁ ቢ። (ትእዛዞቹን በምንጠራቸው ድምፅ ነው የጻፍኳቸው።) ረጅም ሥራ በቲሙክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን በሚያቆየው ፕሮግራም) ውስጥ መጀመር እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግመውም።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ። አዲስ መስኮት መክፈት ስለቀለላችሁ ግን «የቱ ነው የታመመው?» ብሎ መጠየቅ እየቀረ ነው። የሚታመመው ከሁለት አንዱ ነው፦ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው፣ የምንጽፈውን ተቀብሎ ለፕሮግራሞች የሚያስተላልፈው የቲቲዋይ ድራይቨር፣ ወይም ምስሉን የሚያሳየው የተርሚናል ፕሮግራም።

የምትጽፉት ፊደል ካልታየ፣ መስመሮች እንደ ደረጃ እየተንሸራተቱ ከወረዱ፣ ኢንተር ስትጫኑ ባርኔጣ ምልክትና ትልቁ ኤም ከወጣ ችግሩ ድራይቨሩ ጋ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ፕሮግራም ሲነሳ የድራይቨሩን ሁኔታ ይቀይራል፣ ሲወጣ ይመልሳል። በኪል ሰረዝ 9 (ፕሮግራምን ወዲያው በሚገድለው ትእዛዝ) ከተገደለ የመመለስ ዕድል አያገኝም። መፍትሔው ድራይቨሩን ወደ ጤነኛ ሁኔታ የሚመልሰው ኤስቲቲዋይ ሴን የሚለው ትእዛዝ ነው። ኢንተር አልሠራ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቁልፉ የሚልከው 13 ቁጥርን ነው፤ ወደ 10 የሚቀይረው ክፍል ጠፍቷል። ኮንትሮል ጄ በቀጥታ 10ን ይልካል። ስለዚህ ኮንትሮል ጄ ተጫኑ፣ ትእዛዙን ባይታያችሁም ጻፉ፣ እንደገና ኮንትሮል ጄ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኮንትሮል ኪውን ሞክሩ፤ በስህተት ኮንትሮል ኤስ ነክታችሁ ማሳያው ቆሞ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በብዙ ሊኑክስ ላይ ሴን የዩቲኤፍ 8ን (ፊደላት በባይት የሚጻፉበትን ሥርዓት) አያያዝ ያጠፋዋል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ ባክስፔስ ስትጫኑ አንዱ ባይት ብቻ ይሰረዝና ሁለቱ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀጥላችሁ ኤስቲቲዋይ አይዩቲኤፍ8 በሉ።

ቀለሙ ከተዘበራረቀ፣ ጠቋሚው ከጠፋ፣ ወይም ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ቁጥር ከተዘራ ችግሩ የተርሚናል ፕሮግራሙ ነው። ለእሱ መመሪያ የሚልክ ቲፑት የሚባል ትእዛዝ አለ፦ ቲፑት ኤስጂአር0 ቀለሙን፣ ቲፑት ሲኖርም ጠቋሚውን፣ ቲፑት አርኤምከፕ የዋናውን ስክሪን ገጽ ይመልሳሉ።

ሪሴት የሚባለው ትእዛዝ ሁለቱንም ወገን ያክማል፦ ድራይቨሩን ያስተካክልና በተርም ተለዋዋጭ ላይ ለተጻፈው የተርሚናል ዓይነት የሚሆነውን የማደሻ ትእዛዝ ይልካል። ተርም የተሳሳተ ስም ከያዘ የሚላከውም የሌላ ተርሚናል ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በተርም ውስጥ የተጻፈውን ስም በኤኮ ትእዛዝ ተመልከቱ። ቲፑት ኢኒት የሚልከው የማስጀመሪያ ትእዛዞችን ነው፤ ትክክለኛ ቦታው የመግቢያ ስክሪፕት ውስጥ ነው። ሪሴት ስክሪኑን ስለሚያጠፋው የስህተት መልእክት ካለ ቀድማችሁ ቅዱት። ለዚህ ነው ሪሴትን መጨረሻ ላይ አድርጉት የምለው። ከተጣደፋችሁ ግን መጀመሪያም ቢሆን በሉት፤ መስኮት ከመዝጋት በብዙ ይሻላል።

ይህ የትእዛዝ ቋንቋ በእ.ኤ.አ. 1978 ከወጣው ቪቲ100 ተርሚናል የወረስነው ነው፤ ዛሬም በየላፕቶፑ ይሠራል። ከእሱ በኋላ የመጡት ባለ 8 ቢት ተርሚናሎች 155 ቁጥርን የትእዛዝ መጀመሪያ አደረጉት። «አማርኛ» የሚለውን ቃል ወስዳችሁ ባይቶቹን እዩ፦ «ማ» 225፣ 136፣ 155 ነው፤ «ኛ» ደግሞ 225፣ 138፣ 155። ዩቲኤፍ 8ን የማያውቅ ባለ 8 ቢት ተርሚናል ላይ የአማርኛ ፋይል ስትከፍቱ ፊደላቱ ትእዛዝ ሆነው ይነበባሉ፤ ቀጣዮቹ ባይቶችም አብረው ይዋጣሉ። ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ የሎኬል (የቋንቋና የፊደል ሥርዓት) ምርጫውን አስተካክሉና እንደገና ክፈቱት።

ምንም መጻፍ ካልተቻለ ከሌላ መስኮት ማከም ይቻላል። በደብሊው ወይም በፒኤስ ትእዛዝ የታመመውን መስኮት ስም እዩ፤ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ፒቲኤስ ስላሽ 3 ነው እንበል። ሊኑክስ ላይ ኤስቲቲዋይ፣ ሰረዝና ትልቁ ኤፍ፣ ያንን ስም፣ ከዚያ ሴን ጻፉ፤ ማክ ላይ ትንሿን ኤፍ ተጠቀሙ። ማሳያው ከሆነ የታመመው ከላይ ያለውን የፕሪንትኤፍ መስመር በትልቅ-ነው ምልክት ወደዚያው ስም ምሩት። ከጀርባ የሚሄደው ሥራ አይነካም።